ጎታው ስንት ወር ይቆያል?

እምዬ ሐምሌ ሲገባ ጎታውን በጣቷ ታንኳኳ ነበር። ከታች ጀምራ ወደ ላይ ትወጣለች። እህል ያለበት ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ድምፁ የሚለወጥበት ላይ ስትደርስ በከሰል ትጭርበታለች። ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ «እስከ መስቀል ያደርሰናል» ትላለች። በክፉ ዓመት ደግሞ «እስከ ፍልሰታ ነው» ትላለች። እሱን ካለች ከማግስቱ ጀምሮ ማዕዱ ላይ እንጀራው ይቀንሳል፣ ድንቹ ይበዛል።

ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው። ቤታችን ውስጥ ሦስት ጎታ ነበር፤ ሦስቱንም ከጭቃና ከጭድ በእጇ የሠራቻቸው እምዬ ናት። ትልቁ የቀለብ ነው። ሁለተኛው ለገበያ የሚወጣ፣ ለማዳበሪያና ለግብር፣ ለልብስና ለደብተር የሚሸጥ ነው። ሦስተኛው ትንሽ ነው። ከመደቡ ጀርባ ጥግ ላይ ይቆማል። እሱ የዘር ነው። ወደ እሱ ማንም አይጠጋም። አንድ ክረምት ቀለብ አልቆ አያቴ «ከዘሩ ጥቂት ብናወርድስ?» ሲላት ትዝ ይለኛል። ትልቅ ሰው ስለሆነ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ከጎረቤት 2 ቁና ገብስ ተበድራ ተመለሰች። የዘሩ ጎታ ሳይነካ ሰኔ የቀረውን ማሳ ዘራን።

ይህን ያነሣሁት ስለ ገንዘብ ነጻነት ልጽፍ ስለሆነ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም፣ ተመርቀው ሥራ የያዙትም፣ ሥራ ያላገኙትም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ሰው ከደመወዝ እንዴት ይላቀቃል?» ይሉኛል። ስልካቸው ላይ የሚያዩት ቪዲዮ ሁሉ ስለ ሚሊዮን ነው። በ30 ዓመት ዕድሜ ጡረታ ስለመውጣት ነው። ልጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ትክክል ነው። የሚሰጣቸው መልስ ግን ከሌላ አገር ገበያ የተቀዳ ነው።

እስቲ መልሱን ራሱን እንየው። የገንዘብ ነጻነት አስተማሪዎች ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ስሌት አለ። የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ። ያን ያህል ገንዘብ ካጠራቀምህ በየዓመቱ 4 በመቶውን እያወጣህ ሳትሠራ ትኖራለህ ይላል። ስሌቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ዊሊያም ቤንገን የሚባል የገንዘብ አማካሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥራ ነው። ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ መዝገብ ይዞ፣ አንድ ጡረተኛ ገንዘቡ ለ30 ዓመት ሳያልቅበት በዓመት ስንት ማውጣት ይችላል ብሎ አሰላ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የቆመበት መሬት አለ። ገንዘቡ የተቀመጠበት ቦታ በረጅም ዘመን ከዋጋ ንረቱ የበለጠ ማደግ አለበት። ያ ከሌለ 4 በመቶ የምትባለው ቁጥር ትርጉም የላትም።

አሁን ወደ እኛ እናምጣው። በወር 15,000 ብር የሚያወጣ ቤት እንበል። በዓመት 180,000 ነው። በ25 ሲባዛ 4,500,000 ብር ይሆናል። በወር 2,000 ብር የሚቆጥብ ሰው ወለዱን ትተን እዚያ ለመድረስ 187 ዓመት ይፈጅበታል። ልጆቹ ይህን ሲያሰሉ ከሁለት አንዱን ይሆናሉ። ወይ ተስፋ ቆርጠው ያለችውንም ይበትናሉ። ወይ ደግሞ 187ቱን ዓመት በአንድ ሌሊት የሚያሳጥር ነገር ፍለጋ ይሄዳሉ። ቤቲንግ ቤት የሚሞላው፣ «አስገባ፣ በወሩ እጥፍ ትወስዳለህ» ለሚል የቴሌግራም ሰው ገንዘብ የሚላከው ከዚህ ነው። ስንፍና አይመስለኝም። የተሰጣቸው መንገድ መጨረሻው ስለማይታይ ነው።

ባንክ ብናስቀምጠውስ? የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ረግቧል፤ ያም ሆኖ ከቁጠባ ወለዱ በላይ ነው የቆየው። ንረቱ 20 በመቶ የሆነበትን ዓመት እንውሰድ። 10,000 ብር አስቀምጠህ በዓመቱ 10,700 ትቀበላለህ። ያን ጊዜ በ10,000 የምትገዛው ዕቃ ግን 12,000 ገብቷል። ቆጥበህ ከሰርህ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ከዘይት እስከ ማዳበሪያ፣ ከመድኃኒት እስከ ሞተር መለዋወጫ፣ በዚያው ልክ ይጎተታል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ለቤት መሥሪያ ብዬ ለ6 ዓመት ብር አጠራቀምሁ። ስጀምር ያሰብሁት 80 ቆርቆሮ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር በየወሩ ሲያድግ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ልገዛ ስሄድ ብሬ ለ30 ቆርቆሮም አልበቃ አለ። ባለቤቴ ያን ቀን ምንም አላለችኝም። ማታ ግን «ያኔውኑ በየዓመቱ አሥር አሥር ብንገዛና ብናስቀምጥ ኖሮ» አለች። ልክ ነበረች።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። በእኛ ሁኔታ የገንዘብ ነጻነት በሚሊዮን አይለካም። በወር ይለካል። ዛሬ ገቢህ ቢቆም ማንንም ደጅ ሳትጠና፣ ዘርህን ሳትነካ፣ ቤትህ ስንት ወር ይቆማል? እምዬ ሐምሌ ላይ የምትጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነበር። አንድ ወር የነበረው ሰው ሦስት ወር ሲደርስ ነጻነቱ ጨምሯል። አለቃው ያላግባብ ሲናገረው ቀና ብሎ መልስ ይሰጣል። ከብቱን በማይረባ ዋጋ ለመሸጥ አይጣደፍም። ልጁ ስትታመም መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ልጁ ነው፤ ስለ ብር አይደለም። ሦስት ወር ስድስት ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል።

ወሩን መቁጠር ግን ብር መቁጠር ብቻ አይደለም። የከተማ ሰው ይህን ይረሳል። የእኛ ቤት 5 ሰው ነን። በወር ወደ 50 ኪሎ ጤፍ እንጨርሳለን። ጥር ላይ አውድማው ተነሥቶ ገበያው ሲሞላ 3 ኩንታል ከገዛን የ6 ወር እንጀራ ቤት ገባ ማለት ነው። ጤፍ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ። ደርቆ ከገባና ውሃ ካልነካው ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ክረምት ላይ ዋጋው ሲወጣ እኛ ከገበያው ውጭ ነን። የትኛውም የቁጠባ ደብተር ይህን አይሰጠኝም። አብረውኝ የሚሠሩ መምህራን ለዚሁ ብለው የጤፍ ዕቁብ አላቸው። ጥር ላይ ተሰብስበው ከገበሬው ቤት ድረስ ሄደው ይገዛሉ።

ገበሬው ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ጥር ላይ ርካሽ የገዛነው እኛ ነን። ርካሽ የሸጠው እሱ ነው። ለምን ሸጠ? የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። ግብር አለበት። የሠርግ ወቅት ነው። ሁሉም ገበሬ በአንድ ወር ለአንድ ምክንያት ጆንያውን ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። ዋጋው ይወድቃል። ያው ገበሬ ነሐሴ ላይ ቀለብ ሲያልቅበት ከዚያው ገበያ በውድ ይገዛል። በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት በየዓመቱ እየተመላለሰ ቤት የሚበላ ነገር ነው። ምርቱ ቢጨምር እንኳ ይህ እስካልተቆረጠ ድረስ ገበሬው አይላቀቅም። እኔ ከድርቅ ይልቅ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ዝናብ አይነፍጋቸውም። የጎደለው አራት ወር መቆየት የሚያስችል አቅም ነው።

መፍትሔው ትልቅ አይደለም። የበቆሎ አገር ነው ቡሬና ጃቢ ጠህናን። በቆሎ እንደ ጤፍ አይደለም፤ ነቀዝ ይገባበታል። ስለዚህ ገበሬው ብር ባያስፈልገው እንኳ ነቀዙን ፈርቶ ይሸጣል። አሁን ፒክስ የሚሉት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር አያስገቡም። ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒት አይነካውም። የከረጢቱ ዋጋ ክረምት ላይ ከሚገኘው የዋጋ ልዩነት ጋር አይወዳደርም። አንድ ቤተሰብ ከ20 ኩንታሉ 5ቱን እስከ ሰኔ ማቆየት ከቻለ ዑደቱ መቆረጥ ይጀምራል። በሚቀጥለው ዓመት 8 ያቆያል። ማዳበሪያውንም በብድር ሳይሆን በእጁ ይገዛል።

መሬት የሌለው ወጣትስ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ሳልነካው ባልፍ እዋሻለሁ። በአማራ ክልል መሬት የተከፋፈለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ያልተወለደ፣ ወይም ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። የይዞታ ደብተር ያለው አባቱ ነው። የአባቱ 4 ቃዳ፣ ማለትም 1 ሄክታር፣ ለአራት ወንድማማች ቢካፈል አንድ አንድ ቃዳ ነው። በአንድ ቃዳ ጤፍ ማንም ጎታ አይሞላም። ስለዚህ ልጁ ወይ የሌላ ሰው መሬት ምርቱን ሊካፈል እኩል ያርሳል፣ ወይ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፣ ወይ አዲስ አበባ ሄዶ ሲሚንቶ ይሸከማል። እነዚህን ልጆች «ቆጥቡ» ብሎ መምከር በራሱ በደል ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ከአንድ ቃዳ በዓመት ሁለቴ የሚወጣ ገቢ ነው።

መራዊ አጠገብ ያለውን ቆጋን ያየ ሰው ይህ እንደሚቻል ያውቃል። ግድቡ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያ በጋ ላይ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን ይመረታል። ጎታው በዓመት ሁለቴ ይሞላል ማለት ነው። ችግሩም እዚያው ይታያል። ሁሉም ሽንኩርት የተከለ ዓመት ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። መስኖ ያለው ሰው ጎረቤቱ ያልተከለውን ለመትከል ጥቂት ድፍረት ያስፈልገዋል።

ስለ አንድ ነገር ብቻ መደገፍ ካነሣን ከአዊ የበለጠ አስተማሪ የለም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄድ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ያያል ሰው። ፋግታ ለኮማ ውስጥ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ደከረንስ መትከል ጀመረ። የግራር ዘመድ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ። በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። አፈሩም ያገግማል። ብዙ ሰው በዚህ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጅ አስተማረ። እኔ በግሌ ገበሬው ራሱ ካገኛቸው መፍትሔዎች ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። ከዚያ በሽታ መጣ። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዝገት የመሰለ ነገር እያወጣ ችግኙ ይደርቅ ጀመር። ማሳውን በሙሉ ደከረንስ ያደረገ ሰው የአራት ዓመት ገቢው በአንድ ወቅት አለቀበት። ማሳውን ከፍሎ ድንችና ገብስ ይዘራ የነበረው፣ ሁለት ላምና ጥቂት ቀፎ የነበረው ተጎዳ እንጂ አልወደቀም። የመጀመሪያው ሰው ከሁለተኛው ሰነፍ አልነበረም። እንዲያውም ትርፉን አይቶ በሙሉ ልቡ የገባበት እሱ ነው።

ዕቁብን በተመለከተ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። 12 ሰው በወር 3,000 ብር ቢጥል ዕጣው 36,000 ነው። ሁሉም እኩል ጥሎ እኩል ይወስዳል። ወለድ የለውም። ግን ዋጋ በሚንርበት አገር በመጀመሪያው ወር የሚወስደውና በ12ኛው ወር የሚወስደው ያው 36,000 አንድ አይደለም። የፊተኛው ጊደር ይገዛበታል። የኋለኛው ያችኑ ጊደር ለመግዛት ይጨምራል። ስለዚህ የዕቁብ ጥቅሙ ገንዘብ ማስቀመጡ ላይ አይደለም፤ ጊዜው ላይ ነው። ሥራ ላይ የሚውል ነገር የሚገዛ ሰው፣ የስፌት ማሽን ይሁን ጊደር፣ ቀድሞ እንዲወስድ አባላቱ ቢስማሙ ሁሉም ይጠቀማል። የእኛ ዕቁብ ዳኛ ይህን ገብቷቸው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዕጣዎች አንዱን በማመልከቻ አድርገውታል። ለምን እንደፈለገው ያስረዳል፣ ዋስ ይጠራል፣ ይወስዳል። ባለፈው ዓመት አንዲት እንጀራ ጋጋሪ በዚህ መንገድ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታለች። እንጨት ቀርቶላታል። ሆቴሎች ታቀርባለች።

ዘር አለመንካት የሚለው ነገር ከተማም ላይ ይሠራል። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ ይሸጡ ነበር። ቤት ዘይት ሲያልቅ ከሱቅ ያነሣሉ። ልጅ ደብተር ሲል ከመሳቢያው ያወጣሉ። የሸጡትን ጽፈው የበሉትን አይጽፉም። መደርደሪያው ቀስ በቀስ ሳሳ። አንድ ቀን ከፊት የተደረደሩት ዕቃዎች ከኋላቸው ባዶ መሆናቸውን አየሁ። ዘር መብላት ማለት ይህ ነው። ሱቁን ያጠፋው ገበያ ማጣት አይደለም። ለራሳቸው ደመወዝ አለመቁረጣቸው ነው። በወር ይህን ያህል ለቤት እወስዳለሁ፣ ከዚያ በላይ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፍዬ እገዛለሁ ቢሉ ኖሮ ሱቁ ዛሬም በኖረ።

ጎታ የሚያስገለብጠው ትልቁ ነገር ሕመም ነው። የሚታረስበት በሬ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ለሐኪም ነው። እንዲህ ስለሆነ ጤና መድንን ከቁጠባ አስቀድሜ አያታለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገር ደረጃ በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ነው። ከእነዚያ አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍልና ሲታመም በካርዱ ይታከማል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለም ሲል ሰው ይበሳጫል፤ መበሳጨቱም ተገቢ ነው። ግን መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶም ቢሆን የምርመራውና የአልጋው መቅረት በሬውን ያተርፋል። መዋጮው የሚሰበሰበው ምርት ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ያልከፈለ ሰው ክረምት ላይ ይጸጸታል።

ደመወዝተኛ ደግሞ ጡረታውን ይወቅ። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በ60 ዓመቱ የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። በግል ድርጅት የሚሠሩ ልጆች «ጡረታ አይቆረጥብኝም፣ ደመወዜ ሙሉ ነው» ብለው ደስ ሲላቸው እሰማለሁ። ደስ የሚል አይደለም። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ነው የቀረባቸው።

አክሲዮንም መጥቷል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የድርጅቱን 10 በመቶ ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ማለት ነው። የሚገዛውም በቴሌብር ነበር። 47,377 ሰዎች ገዙ። በዚያው ዓመት ጥር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ጥሩ ጅምር ነው። ቢሆንም አክሲዮን ከሁለተኛው፣ ከገበያው ጎታ እንጂ ከቀለቡና ከዘሩ አይገዛም። የቀለቡን ብር አክሲዮን ላይ ያዋለ ሰው ሲቸግረው መሸጫው ላይ ይቸገራል።

አሁን ስለ ዝግጅት ላንሣ፤ እዚህ ላይ መጻፍ ይከብደኛል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጎጃም ውስጥ የኖረ ሰው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ባንክ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ብሩ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ብር እያለው ጨው አጣ። ደመወዝ የገባለት ሰው ማውጣት አልቻለም። ዓባይ በረሃን ተሻግሮ የሚመጣው መድኃኒት ሲቆም የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ተጨነቁ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት «ጎታው» አራት ነገር ይዟል። ጤፍና ሽሮ። የባለቤቴ እናት የግፊት መድኃኒት፣ ሁልጊዜ የሁለት ወር ትርፍ። ከሰልና ክብሪት። ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ጥሬ ብር፣ በትናንሽ ኖት።

ለምን ለሁለት ሳምንት ብቻ? ጥሬ ብር ቤት ማከማቸት ሌላ አደጋ አለው። መስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው የ200 ብር ኖት ሲመጣ የመለወጫ ጊዜው 3 ወር ነበር። ገጠር ውስጥ በጆንያና በቅል የደበቁ አዛውንቶች ጉዳዩን የሰሙት ዘግይተው ነው። ደግሞም ብር አለው የተባለ ቤት በዚህ ጊዜ ሰላም አያድርም። ስላለህ ነገር ገበያ ላይ አለማውራት ራሱ የዝግጅት አካል ሆኗል። ይህን መጻፍ የሚያስፈልግበት ዘመን በመድረሳችን አዝናለሁ።

ያን ክረምት ያወጣን ግን እህልና ብር ብቻ አይደለም። ዕድራችን ነው። ለቀብር ብቻ የተቋቋመ ይመስለን ነበር። መንገድ ሲዘጋ ዳኛው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ምን እንደጎደለው ጻፉ። ወፍጮ የሚሠራበትን ቀን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ከድንኳኑና ከድስቱ ቀጥሎ ለሟች ቤተሰብ የተያዘው ብር ላይ በስብሰባ ተወስኖ ለሦስት ወላዶች ዱቄትና ቅቤ ተገዛ። አዊ ውስጥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበርም እስከ ዛሬ የቆየው በጥር 23ቱ በዓል ብቻ አይመስለኝም። ሲሞትብህ የሚቀብርህ፣ ስትጣላ የሚያስታርቅህ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በየወሩ በምትጥለው መዋጮ ካልሠራኸው በቸገረህ ቀን አታገኘውም።

ለዚህም ነው ድግስን በጅምላ የሚያወግዙ የቁጠባ መምህራንን የማልከተለው። ተዝካር አታውጡ፣ ከማኅበር ውጡ፣ ሠርግ ተዉ ይላሉ። ማኅበር ላይ የሚበላው ዳቦ ከንቱ ወጪ አይደለም። እምዬ ቀለብ ባለቀበት ክረምት 2 ቁና ገብስ ያገኘችው ለ20 ዓመት አብራ ጽዋ ስለጠጣች ነው። የምቃወመው ለድግስ መበደርንና ዘር መብላትን ነው። ለተዝካር በሬ የሸጠ ልጅ አውቃለሁ። አባቱ ሲያርስበት የኖረውን በሬ ነው የሸጠው። በዓመቱ የአባቱን ማሳ ለሌላ ሰው እኩል ሰጠ። ሟቹ ቢጠየቁ ይህን ይፈልጉ ነበር? ቄስ የሆኑ ጎረቤታችን «ነፍስን የሚያስታውስ ጸሎት ነው፣ ጠላው እንደ አቅም ነው» ይላሉ። ይህን ድምፅ ከፍ አድርገው የሚናገሩ የንስሐ አባቶች ቢበዙ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅሙ ነበር።

ልጆቹ «ነጻ ስወጣ ምንም አልሠራም» ሲሉ ደግሞ ልቤ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ዋሸራም ይሁን ዲማ፣ የቅኔ ትምህርት ያለፈ ሰው የሚነግረኝ ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪ በድርቆሽ ኖሮ ለዓመታት አንድ ነገር ላይ ይቀመጣል። የሚያስፈልገው ጥቂት ስለሆነ ጊዜው የራሱ ነው። እኔ ያን ድህነት አላወድስም፤ በረሃብ ያለቀ ልጅነት ነው። ግን ጊዜን ለምን እንደፈለጉት ማወቃቸው ይገርመኛል። ሦስት ወር የሚቆም ጎታ ያለው ሰው ያን ሦስት ወር ለምን እንደሚፈልገው ካወቀ፣ ልጁን ሊያስጠና ይሁን አዲስ ሙያ ሊማር፣ አራተኛውን ወር ለመጨመር ምክንያት ያገኛል።

ባለፈው ጳጉሜን እኔና ባለቤቴ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። የቀረውን ጤፍ፣ በእጅ ያለውን፣ ከዕቁብ የሚመጣውን፣ ያለብንን ጻፍን። ዕዳውን ቀነስን። 4 ወር ከ10 ቀን መጣ። ከዓመት በፊት 2 ወር ከግማሽ ነበር። ባለቤቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደምራ አረጋገጠች። ከዚያ በቁጥሩ ሥር «ዘር» ብላ ጻፈችና የትልቋን ልጃችንን የኮሌጅ ብር ለብቻው አሰፈረች። «ይኼ አይደመርም» አለች።